የገብሱ ጉድጓድና የእኔ ወገብ

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ከሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ቀጭኗ እኔ ነበርሁ። ይህ ያን ጊዜ የሚያስመካ ነገር አልነበረም። ሴት ልጅ ደልደል ስትል ነው የሚያምርባት፣ የቤቷም ነገር ደህና ነው የሚባልላት። እኔ ግን ከአክስቴ ጋር ቆላ ወርጄ፣ ወባ ይዞኝ፣ ከመኝታዬ የተነሣሁት አጥንቴ የሚቆጠር ሆኖ ነው። በጥር ወር ወደ ቤታችን ስንመለስ የጣሪያው ግማሽ ተቃጥሎ፣ ጎተራው ባዶውን ቆሞ አገኘነው። ሰፈራችን ከይጁቤ የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። ጣሊያን ራሱ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣባት፤ ባንዳዎቹ ግን ቶሎ ቶሎ ይመላለሱባት ነበር። የቀረልን ሀብት ከመሬት በታች ያለው ገብስ ብቻ ነበር።

ጉድጓዱን የቆፈረው አባቴ ነው፣ ጫካ ከመግባቱ በፊት። ከውስጠኛው ቤት፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ ከአክስቴ አልጋ ግርጌ ነበር። ሆዱ እንደ ጎታ የሰፋ፣ አፉ ግን አንድ ቀጭን ሰው እንደ ምንም የሚያስገባ ነው። አባቴ አፉን ያጠበበው አውቆ ነው። ባንዳዎቹ ቤት ሲፈትሹ ወለሉን በብረት ዘንግ እየወጉ፣ በሰደፍ እየመቱ ያዳምጣሉ፤ ሰፊ አፍ ያለው ጉድጓድ ሲመታ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የእኛው በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንና በላዩ እበት ተለቅልቆ ቁርበት ሲነጠፍበት ከወለሉ አይለይም። ድንጋዩ ለአፉ በልኩ የተጠረበ ነው። አፉ ሁለት ጣት ቢሰፋ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ይወድቃል።

ከገብሱ ግማሹ በሰኔ የሚዘራ ዘር ነበር። ግማሹ ደግሞ እየተቆላና እየተፈጨ በሶ ሆኖ ወደ ጫካ ይሄዳል። አክስቴ በገበያ ቀን ይጁቤ ትወጣና በሶውን ለአንዲት ሴት ታቀብላታለች፤ ከዚያ ወዲያ በማን እጅ እንደሚያልፍ እኛም አናውቅም። እንግዲህ ያ ገብስ ቢያዝብን አባቴም ይራባል፣ እኛም የምንዘራው አይኖረንም፣ ቤቱም ይቃጠላል።

ላይ ላዩን ያለው ገብስ በቅል ተቀድቶ ሲያልቅ ሰው መግባት ነበረበት። አክስቴ ሰፊ ሴት ናት፤ ጭንቅላቷና አንድ ክንዷ ብቻ ነው የሚያልፈው። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና «በይ እስቲ አንቺ ሞክሪ» አለችኝ። ድንጋዩን አንሥተን፣ ጉድጓዱ እስኪተነፍስ ጠብቀን፣ ጧፍ አብርተን በገመድ አወረድን። ጧፉ ሳይጠፋ ቆየ፤ የታፈነው አየር ወጥቷል ማለት ነው። እኔም እግሬን አስቀድሜ እንደ እባብ ሹልክ ብዬ ገባሁ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቅ ልጅ ነበርሁ። ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ነበር የምመልሰው። እዚያ ውስጥ ግን የሚያየኝ የለም። ገብሱ ከእግሬ ሥር ይሞቃል፣ ይሸታል። እያገላበጥሁት፣ ነቀዝ እንዳለው እያየሁ፣ በቅል እየሞላሁ ወደ ላይ አቀብላለሁ፤ እግረ መንገዴን እዘፍናለሁ። ድምፄ በጉድጓዱ ውስጥ ሲዞር የሌላ ሰው ይመስለኛል። አክስቴ ከላይ ሆና «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘሽ ነው ሰው ሲያናግርሽ የምትታፈኚው?» ትለኛለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ በቀር ማንም የማይሠራው ሥራ ነበረኝ።

በመጋቢት አንድ ቀን ስወጣ ዳሌዬን ፋቀኝ። ለአክስቴ አልነገርኋትም። እሷ ግን ወገቤ ላይ ያለውን እበት አየች።

«ወፈርሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም እትዬ። ቀሚሴ ነው።»

«ቀሚስሽ ከሆነ ደግ። አንቺ ካልገባሽ አፉን መቆፈር ነው። ከቆፈርን ሌላ ድንጋይ መጥረብ ነው፣ ወለሉን እንደገና መለሰን ነው። እነዚያ ደግሞ ትኩስ ልስን ሲያዩ አፍንጫቸው እንደ ጅብ ነው።» እበቱን ከወገቤ ላይ አራግፋ «እስከ ሰኔ ብቻ ጠብቂልኝ። ዘሩ ይውጣ እንጂ ከዚያ ወዲያ እንደ ጎተራ ብትሆኚ ግድ የለኝም» አለችኝ።

በዚያው ቀን ስንደዶና አክርማ አውጥቼ በጉድጓዱ አፍ ልክ ቀለበት ሰፋሁ። ዘወትር ቅዳሜ ማንም ሳያየኝ ቀለበቱን ከራሴ አስገባና ወደ ታች አወርደዋለሁ። ትከሻዬን ያልፋል፣ ደረቴን ያልፋል፣ ዳሌዬ ላይ ሲደርስ ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ምንም አለፈ። ያን ጊዜ ነው የድሮው አስተማሪዬ ትዝ ያሉኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ደብረ ማርቆስ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ሦስት ዓመት ተምሬ ነበር። አስተማሪያችን ጠዋት ጠዋት በሰልፍ አቁመው «አንድ፣ ሁለት» እያሉ እጃችንን ያስነሡን፣ ያስቀምጡን፣ በግቢው ዙሪያ ያስሮጡን ነበር። ከእኛ ጋር የሚማር አንድ የነጋዴ ልጅ በጣም ወፍራም ነበርና ለብቻው ሦስት ዙር ይጨምሩበታል። «ሩጥ! ሩጫ ስብን እንደ ቅቤ ያቀልጣል!» ይሉት ነበር። ልጁ ቀለጠ አልቀለጠ አላውቅም፤ ትምህርቱ ተቋረጠ። የአስተማሪዬ ቃል ግን በልቤ ቀርቶ ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ቀሚሴን በመቀነት ሰብሰብ አድርጌ ከደጃችን እስከ ምንጩ ቁልቁል፣ ከምንጩ እስከ ደጃችን ሽቅብ ሦስት ጊዜ ሮጥሁ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ ቁጭ ብድግ አርባ ጊዜ። የሞት ሞቴን ነው የጨረስሁት፤ ግን እንዴት ደስ አለኝ! ብርዱ ፊቴን ሲቆነጥጠኝ፣ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ፣ የቀለጥሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጠዋት አላስታጎልሁም።

ከጎረቤታችን ከእማሆይ ግን መደበቅ አልተቻለም። እማሆይ ባላቸው ሲሞት ቆብ የደፉ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው ከሰፈሩ መግቢያ፣ ከመንገዱ አፍ ላይ ነው፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያያሉ። ስለ ጉድጓዱም ከእኛ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አባረረሽ?» አሉኝ አንድ ጠዋት፣ ለጸሎት ቆመው ሳሉ።

«ምንም አላባረረኝም እማሆይ።»

«ታዲያ ጅብ የለ፣ ባንዳ የለ፣ ማንን ነው የምትሸሺው?»

አቀርቅሬ «ስብ እንዲቀልጥ ነው» አልሁ።

እማሆይ ቆባቸውን ይዘው ሳቁ። «ስብ! እንዲያው በዚህ በጣሊያን ዘመን ስብ በዛብኝ ብላ የምትሮጥ ሰው አይቼ ልሙት!» አሉ። ነገሩን ሲረዱ ግን ሳቁን ትተው «ሩጪ ልጄ፣ ሩጪ። እኔም አቡነ ዘበሰማያት እደግምልሻለሁ» አሉኝ።

ሮጥሁ። እሳቸውም ደገሙ። ቀለበቱ ግን በሁለተኛው ሳምንት ዳሌዬ ላይ ቆመ፤ ወዝወዝ አድርጌ ነው ያሳለፍሁት። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳዬን ላጠኝ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። በቀን በቀን እየሮጥሁ እንዴት እወፍራለሁ? አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ከሩጫ ስመለስ የሚርበኝ ረሃብ ሌላ ነበር። ከዚያ በፊት ግማሽ እንጀራ የሚበቃኝ ልጅ አሁን ሁለት እንጀራ በሽሮ ጠራርጌ በላዩ ቆሎ እቆረጥም ነበር። አክስቴ ደግሞ ስሮጥ እያየች ታዝንልኛለች፤ «ይህ ሁሉ ላብ ከየት ይመጣል፣ ብዪ እንጂ» እያለች በሶ በጥብጣ ትጠብቀኛለች። ስለዚህ የበለጠ በበላሁ ቁጥር የበለጠ እሮጣለሁ፣ የበለጠ በሮጥሁ ቁጥር የበለጠ እበላለሁ። ዕድሜዬም አሥራ ስድስት ነበር፤ ሰውነቴ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ የሚነግረኝ አልነበረም።

ፋሲካ አልፎ ቀለበቱ ጭራሽ እምቢ ሲል የመጨረሻውን መላ ዘየድሁ፦ ኮሶ መጠጣት። ኮሶ ሆድ ያጥባል፣ ሆዱ የታጠበ ሰው ይቀጥናል ብዬ ነው። ቆላ ከወረድን ጀምሮ ኮሶ አልጠጣሁም ነበር። እማሆይ ዘንድ ሄጄ ለመንኋቸው፤ ፈጭተው በጥብጠው ሰጡኝ። አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥሁት። ስለዚያ ቀን የማወራው ብዙ የለም፤ ከጓሮው ቁጥቋጦ ሥር ነው የዋልሁት። ማታ ወገቤ እንደ ተርብ ወገብ ሆኖ ተሰማኝ። ቀለበቱም እየፋቀኝ አለፈ። በደስታ ለብቻዬ ዘለልሁ!

ደስታዬ አንድ ሳምንት አልቆየም። ለካስ የምበላውን ግማሽ ሲካፈለኝ የኖረው በሆዴ ያለው የኮሶ ትል ነው። እሱ ሲወጣልኝ ምግቡ ሁሉ ለእኔ ሆነ። ጉንጬ ሞላ፣ ክንዴ ሞላ፣ የቀረውም ሁሉ ሞላ። እማሆይ ሲያዩኝ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ! ጠላትሽን ሳይሆን አጋዥሽን ነው ያባረርነው!»

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ በገበያ ዋዜማ፣ አክስቴ ለበሶ የሚሆን ገብስ አስፈለጋት። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነበር። ድንጋዩን አነሣን፣ ጧፉን አውርደን አየን። እኔ ከጠዋቱ ሩጫ ሌላ ምሳዬንም ሳልበላ ነው የቀረብሁት፤ ባዶ ሆዴን ከገባሁ አልፋለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። እግሬ ገባ፣ ጉልበቴ ገባ፣ ጭኔ ገባ። ዳሌዬ ላይ ስደርስ ቀጥ አልሁ።

«ውረጂ እንጂ» አለች አክስቴ።

«እየወረድሁ ነው።»

«የት ነው የምትወርጂው? ቁጭ ብለሽ የለ!»

እውነትም ከወለሉ ላይ የተቀመጥሁ ሰው ነበር የምመስለው። ወደ ታች ስገፋ ዳሌዬ አይሄድም፤ ወደ ላይ ስነሣ ቀሚሴ ከሥር ተጠቅልሎ እንደ ሽብልቅ ይይዘኛል። አክስቴ በብብቴ ይዛ ሳበችኝ፤ አልወጣሁም። በትከሻዬ ተጫነችኝ፤ አልገባሁም። ላቤ በፊቴ መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ አፍ የእማሆይ ድምፅ የተሰማው።

«እናንተ ቤቶች! ውሻችሁን እሰሩልኝ!»

እኛ ውሻ የለንም። እንዲህ ካሉ ባንዳ መጥቷል ማለት ነው።

የአክስቴ ፊት የጠቆረው ለአፍታ ብቻ ነው። ወዲያው ድንጋዩን ከአልጋው ሥር ገፋችው፣ ገመዱንና ቅሉን አስከተለችው፣ ጋቢዋን አውልቃ ከወገቤ ጀምሮ ዙሪያዬን ደፋችብኝ። ከዚያ አጎንብሳ በጆሮዬ «ጩኺ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«እንደምትወልድ ሴት!»

«እትዬ፣ አላገባሁም እኮ!»

«ዛሬ አግብተሻል። ጩኺ!»

እሷም ሳትጠብቀኝ ራሷን ይዛ «ማርያም፣ ማርያም! ድረሽላት!» ብላ ቤቱን አናጋችው። እኔ አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ ግን እምቢ አለኝ። ሦስት ሰዎች ደጁን አልፈው ገቡ። አለቃቸው የጣሊያን ካፖርት የደረበ ጢማም ነው፤ ሁለተኛው ጠመንጃ፣ ሦስተኛው ያን የብረት ዘንግ ይዟል።

«ምን ጉድ ነው?» አለ አለቃው።

«ምጥ ነዋ! አይታይህም? ወንድ እዚህ ምን ይሠራል? ውጣልኝ ከቤቴ!»

«ባሏ የታለ?»

«ደብረ ማርቆስ ሄዷል፣ ለሥራ።»

አለቃው በተከፈተው መጋረጃ አሻግሮ አየኝ። ፊቴ ቀልቷል፣ ላብ ይንጠባጠባል፣ ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ ሆዴም ከጋቢው በላይ ገፋ ብሏል። ከዚህ የበለጠ ወላድ የሚመስል ሰው ከየት ይገኛል? ፊቱን አዞረ። ነገር ግን እንደማፈርም እንደመቆጣትም ብሎ «እንግዲያስ አንሥተው ወደዚያ ፈቀቅ ያድርጓት። የውስጡ ቤት ሳይፈተሽ አንሄድም» አለ። ዘንግ የያዘውም ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ ገባ። የዘንጉ ጫፍ ከጉልበቴ፣ ጉልበቴ ይሆናል ተብሎ ከሚታሰበው ቦታ፣ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ያን ጊዜ ድምፄ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምናልባት እግሬ እታች ጉድጓዱ ውስጥ ስለነበር ይሆናል።

«አንተ!» ብዬ ጮህሁ። «እናትህ አንተን ስትወልድ ወለሏን በብረት ይወጉባት ነበር? እናት የለህም? ጉድጓድ ነው የወለደህ? ልጄ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ያንተን ጢም ይሁን? ውጣ! ማርያም ትይህ! ውጣ ብዬሃለሁ!»

በሕይወቴ ለማላውቀው ወንድ ከአንድ ቃል በላይ ተናግሬ አላውቅም። አንዴ ከጀመርሁ ግን ማን ያቁመኝ! ዘንግ የያዘውን ዘንጋም፣ ጠመንጃ የያዘውን ሰነፍ አልሁት። ለአለቃው የጣሊያን ካፖርት የወረደ ስድብ አወረድሁለት። ምጥ የያዛትን ሴት ማን ይቆጣታል? ስድቡ ሲያልቅብኝ «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ፣ ትንፋሼ ሲመለስ እንደገና እሳደባለሁ። ደስታው ራሴን ሊያስተኝ ደረሰ።

በዚህ መካከል እማሆይ ሁለት ጎረቤት ሴቶች አስከትለው እየሮጡ ገቡ። ሴቶቹ ምንም አያውቁም፤ ያላገባች ልጅ ምጥ ላይ ሲያዩ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። እማሆይ አጠገቤ ተንበርክከው የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ጉድጓዱን አዩ፣ እኔን አዩ። ፊታቸው ቅንጣት አልተለወጠም።

«ራሱ ታየ!» አሉ። «ምን ትገተራላችሁ፣ ውጡ! መነኩሲት ፊት ወንድ አይቆምም!»

ዘንግ የያዘው መጀመሪያ ወጣ። አለቃው ወደ ግድግዳው ዞሮ አማተበና «በማርያም፣ አትርገሚኝ እቴ» ብሎ ተከተለው። እሱም የጎጃም ሰው ነው፤ እርግማኔን ፈርቶ ይሁን አፍሮ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጓሮውን ወጉ፣ ባዶውን ጎተራ አንኳኩ፣ ሁለት ዶሮዎቻችንን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። አይሄዱም። የሚጠብቁት ገባን። እማሆይም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልልታውን አቀለጡት፤ ሴቶቹም ሳያውቁት ተቀበሏቸው።

«ምን ወለደች?» አለ አለቃው ከአጥር ውጭ።

«ወንድ!» አሉ እማሆይ።

ሲሄዱ አክስቴ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀባት። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ «እማሆይ፣ ምነው ወንድ አደረጉት? ሴት ቢሉልን እኮ አራስነቱ ሰማንያ ቀን ነው! አርባውን ቀን አቃጠሉብን!» አለቻቸው።

«ደንግጬ ነው ልጄ፤ የወንድ ልጅ ሰባቱ እልልታ አመለጠኝ» አሉ እማሆይ።

እኔን ማውጣት ግን ከባንዳው የባሰ ነበር። ወገቤን በቅቤ ቀቡኝ፤ አራቱ ሴቶች ይዘው ሳቡኝ። ቀሚሴ እዚያው ቀርቶ እኔ ብቻ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሴቶች ጋር እንዴት ልተፋፈር!

እንዲህ ሆኜ አራስ ሆንሁ። ባንዳው በማንኛውም ቀን ይመለሳልና ከመጋረጃው ጀርባ በአክስቴ አልጋ ላይ መተኛት ነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ መደበቂያም አልነበረም፤ አራስ ከምትተኛበት ወንድ አይገባም፣ ጉድጓዱ ያለው ደግሞ ከአልጋዬ ግርጌ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እንዳላገባሁ ያውቃል። አንድም ሰው ግን አልተናገረም። ይልቁንም ነገሩ እውነት እንዲመስል ሴቶቹ ገንፎ በሰሃን እየያዙ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ እያቆሙ፣ እየተፈራረቁ መጡ። የሰኔ ጾም ሲገባ ቅቤው በኑግ ተለወጠ፤ ባንዳን እንጂ ማርያምን ማታለል አይቻልም። መሮጥ ስለማልችል ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብድጌን አልተውሁም፦ ጠዋት አርባ፣ ማታ አርባ። ቁጭ ስል ገንፎ፣ ብድግ ስል ገንፎ! ቀለበቱን አንድ ቀን ብሞክረው ከደረቴ አልወረደም።

ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ሰው ግን አሁንም ያስፈልግ ነበር። «እኔ ምን አለኝ?» አሉ እማሆይ። «በጾም የደረቀ አጥንት ነኝ፣ እኔ እገባለሁ።» አክስቴ እንዴት ተደርጎ ብትል እሺ አላሉም። ቆባቸውን አጥብቀው በሁለተኛው ሙከራ ገቡ።

የዘሩ ቀን ደረሰ። ማሳው ታርሶ፣ በሬዎቹ ተጠምደው፣ የጎረቤታችን ገበሬ እየጠበቀ ነበር። አክስቴ የመጀመሪያውን ዘር በስልቻ ይዛ ወደ ማሳ ሄደች። እማሆይ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ይሰፍራሉ፣ እኔ ከላይ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ስልቻ ሊሞላ ሲል ከደጅ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች! አራሷ እንዴት ናት?»

ያ ጢማሙ አለቃ ነው። መጋረጃውን ከፍቶ የሚያየው ሰው ቢኖር ስልቻው አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ አፉን የከፈተው ጉድጓድ አለ። አክስቴ የለችም። አልጋው ላይ ወጣሁና ጋቢውን እስከ አገጬ ሳብሁት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፣ ከመድረኩ ሳያልፍ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለህ» አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ያን ቀን የወሰድናቸው ዶሮዎች… አንዷ ተበልታለች። ይህቺን መልሻለሁ። ለአራስ ትሁን።» ዶሮዋን መሬት ላይ ሲያወርዳት ተንጫጫች። ከዚያም አልሄደም። «ልጁስ? ድምፁ አይሰማም።»

«ተኝቷል።»

«ጤነኛ ልጅ እንዲህ ጭጭ አይልም። ታሟል እንዴ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ከአልጋዬ ግርጌ፣ ከመሬት ውስጥ፣ «እንግዋ! እንግዋ!» የሚል ድምፅ ወጣ። እማሆይ ናቸው። ድምፁ በጉድጓዱ ዞሮ ዞሮ ሲወጣ የአንድ ወር ሕፃን ሳይሆን የአንድ ዓመት ጥጃ ይመስል ነበር።

ባንዳው «ኧረ ይህ ልጅ! ድምፁ እንዴት ያለ ወፍራም ነው?» አለ።

«አባቱን ነው» አልሁት።

ሳቀ። «ይደግ!» ብሎ ሄደ። እርምጃው ከአጥሩ እስኪርቅ ድረስ እማሆይ አላቆሙም፤ ጭራሽ ወደዱት መሰለኝ። ቆይተው ብቅ ሲሉ ቆባቸው ላይ የገብስ አቧራ ተነስንሶ፣ ዓይናቸው በሳቅ እንባ ሞልቶ ነበር። «በይ አሁን ገንፎዬን» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ተወልጄ በባዶ ሆዴ አላድርም። ንስሐውን ነገ እገባለሁ።»

ዘሩ በዚያው ቀን ሁሉም ማሳ ገባ። ማምሻውን ገበሬውና ልጆቹ፣ አክስቴና እነዚያ ሁለት ሴቶች ቤታችን ተሰብስበው ንፍሮ ሲበሉ አክስቴ ደጅ የምትጭረውን ዶሮ አይታ «ይህች ደግሞ ከየት መጣች?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁ፤ የጠበበኝን ቀሚስ ወደ ታች ጎተት አድርጌ መሐላቸው ቆምሁና ከ«ቤቶች!» ጀምሬ እስከ «ይደግ!» ድረስ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስመሰልሁ ነገርኋቸው። «እንግዋ» ላይ ስደርስ ገበሬው ንፍሮው አንቆት አሳለ። «እንደገና!» አሉኝ። እንደገና ነገርኋቸው።